በመጀመሪያው ፋሲካዬ የለበስኩት ቀሚስ

ይህን የምጽፈው ተናድጄ ነው፤ ከወዲሁ ልንገራችሁ። የልጅ ልጄ ማርታ ከእጮኛዋ ጋር ከተኳረፈች አምስተኛ ቀኗን ይዛለች። ምክንያቱን ስትሰሙ ትስቁ ይሆናል፣ እኔን ግን አላሳቀኝም። ለፋሲካ የገዛላት ቀሚስ በቴሌቪዥን ያየችው ዓይነት አይደለም አሉ! ልጁ ደግሞ ከሥራ ከወጣ ወር አልፎታል። ይህን የነገረው ለእኔ ነው፣ ለእሷ አፉን አልከፈተም። እሷ ስለ ቀሚስ ትጮኻለች፣ እሱ አንገቱን ደፍቶ መሬት ይጭራል። ትናንት ሁለቱንም ከቤቴ አስወጣኋቸውና በሩን ዘጋሁ።

በስተርጅና በመሠረተ ትምህርት ፊደል ቆጥሬያለሁ፤ ራሴው እጽፈዋለሁ። ስልሳ ዓመት ሙሉ ለማንም ያልተናገርኩት ነው። ባሌ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ በሕይወት ሳለ ነውሩ የሁለታችንም ስለነበር ዝም አልኩ። አሁን የቀረሁት እኔ ብቻ ነኝ። ስሜን ማንሳት የሚፈልግ ያንሳ፣ ለመቃብር የቀረበች አሮጊት ምን ትሆናለች?

ጊዜው ጣሊያን አዲስ አበባ በገባ በዓመቱ ነው። እኔ፣ አስካለ፣ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሽራ ነበርኩ። ታፈሰ ያገባኝ በጥቅምት ነው። ቤታችን ኮልፌ፣ ወንዙ ዳር ነበረች፤ ዛሬ ታክሲ የሚዞርበት ቦታ ያኔ ገብስ ይዘራበት ነበር። ወደ ምዕራብ በሚወጣው መንገድ ላይ ጣሊያን ኬላ ተክሎ ወጪ ገቢውን ይፈትሻል። ታፈሰ መንገድ ሥራው ላይ ድንጋይ ይሸከማል። ጠዋት ካቦው፣ የሥራው አለቃ፣ ስሙን ይጠራዋል፣ አመሻሽ ላይ መዳፉ ተልጦ ይመጣል። ዝምተኛ ሰው ነው። እኔ ደግሞ ምላሴ ረጅም ነበር፣ አሁንም አላጠረም።

በዚያ ዓመት የካቲት ከተማው መሀል ሰው ሲጨፈጨፍና ቤት ሲቃጠል እኛ ኮልፌ ሆነን ጭሱን አየን። አርብ ዕለት ታፈሰን ከሥራው ቦታ ከነጓደኞቹ በካሚዮን ጭነው ወሰዱት። እሑድ ወደ ማታ ተመለሰ። ልብሱ ጭስ ጭስ ይላል፣ ዓይኑ ቀልቷል፣ ቁጭ ብሎ እግሩን እንኳ አልታጠበም። እኔ ምን ያልኩት ይመስላችኋል? የት ነበርክ አላልኩም። ምን አደረጉህ አላልኩም። ሦስት ቀን ዱቄት አልቆብኝ ስለነበር "ምን ይዘህ መጣህ?" ነው ያልኩት። "ምንም" አለኝና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ተኛ። በነጋታውም አልጠየቅኩት።

ሁዳዴ ወደ ማለቂያው ሲደርስ ከልብስ ሌላ ወሬ ጠፋ። ከአዲሱ ገበያ አበባ የታተመበት ጨርቅ፣ ሽቶ፣ ጃንጥላ፣ ተረከዝ ያለው ጫማ ይመጣል። ግማሹ ከተማ ሐዘን ላይ ነው፣ ግማሹ ጃንጥላ ያማርጣል። እኔ ከሚያማርጡት ጋር ነበርኩ። የእህቴ የሙላቷ ባል ጣሊያን ጋራዥ ውስጥ ይሠራ ስለነበር ጫማውንም ጃንጥላውንም አምጥቶላታል። ፀሐይ በሌለበት ዘርግታው በደጃችን ስታልፍ በሩን ዘግቼ በቀዳዳው አያታለሁ።

አክፋይ የሚባለውን የምታውቁ ታውቁታላችሁ። አዲስ ያገባ ሰው የመጀመሪያውን ፋሲካ ከመፍታቱ በፊት፣ በቀዳም ሹር፣ ለሚስቱ ወላጆች በግ ይዞ ይሄዳል። ሚስቲቱም አዲስ ለብሳ ከኋላው ትከተላለች። መንደሩ በሙሉ ደጅ ወጥቶ በጉን ያያል፣ ከበጉ ይልቅ ደግሞ ልጅቷን ያያል። ምን እንዳለበሳት ታይቶ እንዴት እንደያዛት ይፈረዳል። ወላጆቼ ዛሬ ዘነበወርቅ ከሚባለው ወዲያ ነበሩ። በጉን ታፈሰ እንደምንም ገዝቶታል። ቀሚስ ግን የለም።

ጸሎተ ሐሙስ ዕለት፣ ከሰዓት በኋላ፣ ለየልን።

"ባዶዬን አባቴ ደጅ አልቆምም" አልኩት።

"የሠርግሽ ቀሚስ አለ አይደል?"

"የሠርጌን ቀሚስ ያላየው ማን አለ?"

"ቢያየውስ ምን አለበት? ዘንድሮ ማን ልብስ ያያል፣ አስካለ?"

"ሙላቷን ያያሉ! የእሷ ባል ወንድ ነው።"

ይህን ስል ቀና ብሎ አየኝ። ብዙ አየኝ። ከዚያ ከመደቡ ጠርዝ ላይ ተቀመጠና "አንድ የምነግርሽ ነገር ነበረኝ። ከየካቲት ጀምሮ ልነግርሽ ፈልጌ…" ብሎ ጀመረ።

"ቀሚስ ካልሆነ አትንገረኝ!" አልኩት። "ስማኝ ታፈሰ፣ ቅዳሜ ያለ አዲስ ልብስ ከሆነ ብቻዬን ነው የምሄደው። ከሄድኩ ደግሞ አልመለስም። ጨርሻለሁ።"

አፌን በቆረጠው! እሱም ተነስቶ ወጣና ከቤቱ ጀርባ ወዳለው የእንጨት ክምር ሄደ፤ እንጨት ሲያንኳኳ ሰማሁት። ንዴቱን በእንጨት ይወጣል ብዬ ተውኩት። ከዚያ ድምፁ ጠፋ። ከአንድ ሰዓት በኋላ ይመስለኛል በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ይዞ ገባና ጭኔ ላይ አስቀመጠው።

ፈታሁት። እንዲያ ያለ ጥልፍ በዕድሜዬ አላየሁም። ደረቱ ላይ መስቀል፣ ከመስቀሉ ሥር ቅጠል፣ ቅጠሉ እየተሳበ ዙሪያውን ጫፉ ድረስ የሚወርድ። እልል ልል ምንም አልቀረኝም።

"ከየት አመጣኸው?"

"ከገበያ።"

"ከየትኛው ገበያ? ከማን?"

"ልበሺው ስልሽ ልበሺው" አለኝ። ድምፁ ሻካራ ነበር። እኔም ሦስተኛ አልጠየቅኩም። ወደ ፊቴ ሳስጠጋው ጭስ ጭስ ሸተተኝ። የነጋዴ ዕቃ ጭስ ቤት ሲቀመጥ ነው ብዬ ለራሴ ነገርኩና ሽታው እንዲለቅ አጥር ላይ ሰቀልኩት። አርብ ስቅለት ሰው ሁሉ ሲሰግድ ዋለ። እኔም ወድቄ እነሳለሁ፣ ልቤ ግን አጥሩ ላይ ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት ቀሚሱን ለብሼ ወደ ደብሩ ሄድኩ። በዚያ ዓመት ሌሊት መውጣት ተከልክሎ ስለነበር ሰው ሁሉ የበዓሉን ያህል ቅዳሜ ጠዋት ነው የወጣው። ቄሶቹ ቄጤማ ያድላሉ፣ ሕዝቡ ተቀብሎ ግንባሩ ላይ ያስራል። ሙላቷ ጃንጥላዋን እንደያዘች ስታየኝ ዓይኗ ቀሚሱ ላይ ቀረ። ሰላም እንኳ አላለችኝም። ደስ አለኝ! ክርስቶስ ተሰቅሎ፣ ከተማው ነዶ፣ እኔን ያስደሰተኝ የእህቴ ፊት መጥቆሩ ነበር።

ቄጤማዬን ለመቀበል ጎንበስ ስል ከኋላዬ ቀሚሴን የሚጎትት እጅ ተሰማኝ። ዞር ስል ከወንዙ ማዶ የሚኖሩት እትዬ የውብዳር ናቸው። በዓይን እንተዋወቃለን እንጂ ተነጋግረን አናውቅም። ተንበርክከው የቀሚሴን ጫፍ በሁለት እጃቸው ይዘዋል።

"ጽጌ የት አለች?" አሉኝ።

"ማን ናት እሷ?"

"ልጄ! ጽጌ! ይህን እኮ የጠለፍኩት እኔ ነኝ። ተመልከቺ፣ እዚህ ጋ አረንጓዴው ክር አልቆብኝ፣ መንገዱም ተዘግቶ ክር ጠፍቶ፣ ቅጠሏን በሰማያዊ ጨረስኳት። ለሠርጓ ነው የሠራሁት። ተመልከቺ!"

ተመለከትኩ። ከኋላ በኩል፣ እኔ ሳላስተውላት የቀረች አንዲት ቅጠል ሰማያዊ ናት።

ልጅቷ ከተማ ውስጥ እመቤት ቤት ታገለግል እንደነበር፣ ከየካቲት ወዲህ ድምፅዋ እንደጠፋ፣ አንዳንዱ ታስራለች አንዳንዱ ወደ ሩቅ አገር ተወስዳለች እንደሚል በአንድ ትንፋሽ ነገሩኝ። ሰው ከበበን። ከኋላ አንዷ "ከሞተ ቤት የተዘረፈ ለብሳ መጣች እንዴ?" ስትል ሰማኋት። ሙላቷ ጃንጥላዋን አጥፋ እየተጠጋች ነው።

እውነቱን መናገር እችል ነበር እኮ። ባሌ ከገበያ ገዛሁ ብሎኛል፣ ሌላ አላውቅም ማለት ይበቃ ነበር። እኔ ግን ሙላቷን አየሁና "የዘረፈ የለም!" አልኩ። "ባሌ ከአንዲት ልጅ እጅ ነው የገዛው። ራሷ ነች የሸጠችለት። ደህና ነበረች።"

ደህና ነበረች! ማን ጠየቀኝ? ከየት አመጣኋት ያቺን ቃል?

እትዬ የውብዳር ጮኹ። የደስታ ጩኸት ነው። የቀሚሴን ጫፍ ሳሙ፣ ተነስተው ትከሻዬን ሳሙ። "ተርባ ነው የሸጠችው! ልጄ ተርባ ነው! በሕይወት አለች፣ ሰማችሁ? በሕይወት አለች!" ዙሪያው እልል አለ። ከዚያ ወደ ጆሮዬ ተጠግተው "እኔ ከሐሙስ ጀምሮ እህል በአፌ አልዞረም፣ አክፍሎት ይዣለሁ። አሁን ግን እሷ መጥታ ካልተቀመጠች አልፈታም። ባልሽን ላናግረው እመጣለሁ" አሉኝ።

ወደ ቤት በሩጫ ሄድኩ። ታፈሰ ደጅ ላይ ለበጉ ገመድ ያስራል።

"ጽጌ ማናት?" አልኩት።

ገመዱ ከእጁ ወደቀ።

"ማን ነገረሽ?"

"እናቷ ናታ! በሕዝብ ፊት ቀሚሴን ይዘው ጽጌ የት አለች አሉኝ! ማናት? ውሽማህ ናት? የውሽማህን ልብስ ነው ያለበስከኝ?"

"ሞታለች" አለ።

ወደ ቤት ገባና ከውስጥ ጠራኝ። "ቀሚሱን አውልቂው። እሱን ለብሰሽ አልናገርም።"

አውልቄ አሮጌዬን ለበስኩ። ያኔ ነገረኝ፤ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ነው የነገረኝ።

በየካቲት የወሰዷቸው ሬሳ ሊያስለቅሟቸው ነው። ቅዳሜ ዕለት አንድ የተቃጠለ ግቢ ውስጥ አጥሩ ሥር ልጅቷን አገኛት። ተመትታለች ግን ነፍሷ አልወጣም፣ ጥቅሉን ደረቷ ሥር ይዛዋለች።

"ከየት ነህ አለችኝ። ከኮልፌ አልኳት። ኮልፌ ስላት ፊቷ ትንሽ በራ። እናቴ እዚያ ናት፣ የውብዳር በል፣ ይህን ስጥልኝ አለችኝ። ከዚያ ውሃ አለችኝ።"

"ሰጠሃት?"

"የውሃው ጋን አሥር እርምጃ አይርቅም። አስካሪው፣ ለጣሊያን ያደረው ወታደር፣ መሣሪያ ይዞ ያየኛል። ጠዋት ለቆሰለ ውሃ ያቀበለ አንድ ሰው ዓይኔ እያየ ገድለውታል። ጥቅሉን አነሳሁና ትቻት ሄድኩ። አስካሪው የዘረፍኩ መስሎት ሳቀ። ስንመለስ አልቆላታል። ያነሳኋት እኔ ነኝ፣ አስካለ። ካሚዮኑ ላይ የጫንኳት እኔ ነኝ።"

ልቤ አዘነለት ብላችሁ እንዳታስቡ። ያን ጊዜ አላዘነለትም። ያቃጠለኝ ሕዝብ ፊት መዋረዴ ነበር።

"ታዲያ ለምን አልሰጠሃቸውም? ወንዙን መሻገር እኮ ነው!"

"አራት ጊዜ ደጃቸው ድረስ ሄጃለሁ። ምን ልበል? ከማን ጋር ነበርክ ይሉኛል። ሬሳ ከሚጭኑት ጋር ልበል? ባንዳ ነው ብለው ያርዱኛል። ውሃ ጠይቃኝ ከለከልኳት ልበል?"

"እኔስ? እኔ ሚስትህ አይደለሁም? ለእኔ ለምን አልነገርከኝም?"

አሁን ዞረ። እንዲያ ተቆጥቶ አይቼው አላውቅም።

"መቼ ነው የምነግርሽ? ያን እሑድ ስገባ ምን ይዘህ መጣህ አልሽኝ። ሐሙስ ልነግርሽ ስጀምር ቀሚስ ካልሆነ አትንገረኝ አልሽ። መቼ ሰምተሽኝ ታውቂያለሽ?"

"ነውርህን በእኔ ልታላክክ ነው? ቀሚስ አምጣ አልኩህ እንጂ የሬሳ ልብስ አልብሰኝ አልኩህ?"

"ከየት የማመጣው መስሎሽ ነበር? ድንጋይ ስሸከም ታይኛለሽ! ከዚህ ሥራ እንዲህ ያለ ቀሚስ እንደማይወጣ ጠፍቶሽ ነው? ጭሱን አሽትተሽዋል። አይቼሻለሁ። ጨርቁን ከፊትሽ መለስ አድርገሽ፣ አስበሽ፣ ዝም ስትይ አይቼሻለሁ።"

እውነቱን ነበር። በስድስት ወር ትዳራችን ውስጥ ሁለታችንም እውነት ስንናገር የመጀመሪያችን ነው፤ የተናገርነውም ለመዋጋት ነው።

እትዬ የውብዳር ከሰዓት በኋላ በሩ ላይ ደረሱ። ያቺ ጠዋት ያየኋት የደከመች አሮጊት አይደሉም። ሻሻቸውን አሳምረው አስረዋል፣ ሁለት ቀን እህል ያልቀመሰ ሰው አይመስሉም። እንጨት ላይ ተቀመጡ ስንላቸው እምቢ አሉ። ታፈሰን ትክ ብለው አዩትና "አንተ ነህ ያየሃት?" አሉት።

"አዎ" አለ።

"ከስታለች?"

ታፈሰ እኔን አየኝ። እኔ መሬት አየሁ።

"ትንሽ" አለ።

"የት ነው ያገኘሃት? ውሰደኝ፣ አሁኑኑ እንሂድ።"

"ዛሬ ኬላው አያሳልፍም እትዬ። ከበዓሉ በኋላ… ከበዓሉ በኋላ እወስድዎታለሁ።"

ደስታቸው አልቀነሰም። "እኔ ደግሞ እንደማውቃት ለፋሲካ አትቀርም፣ በእግሯ ትመጣለች። ዶሮ ይዤላታለሁ" አሉ። ከዚያ ጎንበስ ብለው የባሌን ጉልበት ሳሙት። "የልጄን ዜና ያመጣህልኝ፣ እግዚአብሔር የቤትህን ሐዘን ያርቀው" ብለው መረቁት። ታፈሰ ጉልበቱን መሳብም አቃተው። ራቅ እስኪሉ ጠብቄ ዞርኩበት።

"ነገ ጠዋት ትነግራቸዋለህ" አልኩት።

"ከበዓሉ በኋላ።"

"ከበዓሉ በኋላ እስኪደርስ እህል አይቀምሱም! እሷ ካልመጣች አልፈታም ብለውኛል። በእኛ ውሸት ርቧቸው ይሙቱ?"

"ብነግራቸውስ አይሞቱም? እኛንስ ሰፈሩ በሕይወት ይተወናል?"

"ያቃጥለን! አንተ ካልነገርካቸው እኔ እነግራቸዋለሁ።"

"አንቺ?" አለ። ሳቀብኝ፣ መራራ ሳቅ። "ደህና ነበረች ያልሽው አንቺ?"

ተነስቼ ጥቅሌን ማሰር ጀመርኩ። እናቴ ቤት ልሄድ ነው። ቀበቶዬን፣ ማበጠሪያዬን፣ የሠርጌን ቀሚስ አሰርኩ። በሩ ላይ ስደርስ በጉ እዚያው እንደታሰረ ቆሟል። ምን ብዬ ነው የምገባው ብዬ አሰብኩ። ለምን ብቻሽን መጣሽ ሲሉኝ ምን ልል ነው? ሌላ ውሸት መፍጠር ነበረብኝ። ደከመኝ። እዚያው ደፉ ላይ ቁጭ አልኩና አለቀስኩ። እሱም ውስጥ ሆኖ ሲያለቅስ ሰማሁት። ያን ቀን አክፋይ የሚባል ነገር ቀረ። ወላጆቼ ደጅ ሲያዩ ውለው አፍረው ገቡ፤ እናቴ ይህን ዓመቱን ሙሉ አልማረችኝም።

በፋሲካ ጠዋት ፀሐይ ሲወጣ ወንዙን ተሻገርን። ሁለታችንም አልፈታንም። ቀሚሱን አጣጥፌ በዚያው በነጭ ጨርቁ ጠቅልዬ ያዝኩት። በየቤቱ ሳቅና የዶሮ ወጥ ሽታ ነው። እንኳን አደረሳችሁ የሚሉንን እያለፍን ነው የሄድነው።

እትዬ የውብዳር ደጃቸው ላይ ተቀምጠዋል። ሌሊቱን እዚያው ያደሩ ይመስላሉ፣ ከንፈራቸው ደርቋል። ከኋላቸው በተከፈተው በር መሶቡ ይታያል፣ ወጡ በድስቱ ተከድኗል። እኛን ሲያዩ ከኋላችን ሦስተኛ ሰው ፈለጉ። ከዚያ እጄ ላይ ያለውን ጥቅል አዩት።

ታፈሰ ተንበረከከ። ሁሉንም ነገራቸው፣ አንድም አላስቀረም። ሬሳ ሲለቅሙ መዋላቸውን፣ አጥሩን፣ አደራውን። እኔ እንደቆምኩ "ደህና ነበረች ያልኩት እኔ ነኝ፣ ውሸቴን ነው" አልኩ። ይጮሃሉ ብዬ ጠበቅኩ። አልጮኹም።

"መጨረሻ ላይ ምን አለች?"

"ውሃ አለች።"

"ሰጠሃት?"

ታፈሰ ግንባሩን መሬት ላይ አደረገ።

ከዚያ በጣታቸው መቁጠር ጀመሩ። "ቅዳሜ ነው ያልከኝ? የካቲት… መጋቢት…" ቆጠሩ፣ እንደገና ቆጠሩ። "አርባዋ አልፏል። ልጄ አርባዋ ያለ ጸሎት አለፈ። በሆሳዕና ሰው ሁሉ ለሙቱ ፍትሐት ሲያስደርግ እኔ የሞተ የለኝም ብዬ ቆሜ ሳቅኩ። እናንተ ታውቁ ነበር።"

"እትዬ…" አልኩ።

"ዝም በይ! አንቺን ሳምኩሽ እኮ። የልጄን ቀሚስ ለብሰሽ ሳምኩሽ።"

ጥቅሉን ከእጄ ነጠቁኝ። ፈተው ሰማያዊዋን ቅጠል ፈልገው አገኟት፣ አውራ ጣታቸውን አሳረፉባትና እንደገና አጠፉት። ከዚያ "ፈትታችኋል?" አሉን።

"አልፈታንም።"

"ግቡ።"

ገባን። መሶቡን ከፈቱ፣ ወጡን አወጡ። ለአንድ ሰው የተሠራ ነው፣ ለልጅቷ። "ብሉ" አሉ።

"እትዬ፣ እንዴት አድርገን?"

"ለልጄ ፋሲካ ነው የሠራሁት። ልብሷን ለበሳችሁ፣ አርባዋን በላችሁ፣ ፋሲካዋን ለማን ትተዉታላችሁ? ብሉ!"

በላን። እንዴት እንደወረደ አትጠይቁኝ። ታፈሰ እንባው እንጀራው ላይ እየተንጠባጠበ ይጎርሳል። እሳቸው አንድ ጉርሻ አልቀመሱም፤ ግድግዳ ተደግፈው አፍ አፋችንን ያያሉ። አጥንት ስናስቀር "እሱንም" ይላሉ። ስንጨርስ መሶቡን ገልብጠው አዩ፣ ከቅራሪው ቅል ውስጥ አንድ ጉንጭ ተጎነጩና አክፍሎታቸውን በዚያ ፈቱ።

"ሰማንያዋ አላለፈም" አሉ። "የዳግማይ ትንሣኤ ማግስት ነው። ተዝካሯን አወጣለሁ። ውሃ የምትቀዳው አንተ ነህ።"

ይህን ለዛሬ ልጆች ማስረዳት ይቸግራል። ያኔ ወንድ ውሃ አይቀዳም። እንስራ አዝሎ የታየ ወንድ እስኪሞት በስሙ ይተረትበታል። ታፈሰ ከዳግማይ ትንሣኤ ማግስት ጀምሮ ሳይሆን ከዋዜማው ጀምሮ፣ ፀሐይ እያለ፣ ሰው ሁሉ እያየ፣ እንስራውን በጀርባው አዝሎ ከወንዙ ወደ እትዬ የውብዳር ቤት ሲመላለስ ዋለ። ሴቶቹ አፋቸውን ይዘው ሳቁ፣ ወንዶቹ ተፉ። ሙላቷ ከነጃንጥላዋ ቆማ አየች። ሌላ እንስራ ይዤ ከኋላው ተከተልኩ። ያን ቀን ነው ያገባሁት ብል ይቀለኛል።

እትዬ የውብዳር ምስጢራችንን ለሰፈሩ አላወጡብንም። አልማሩንም ግን። ሬሳዋ የት እንደደረሰ አይታወቅምና ቀሚሱን በሣጥን አድርገው ደብሩ ውስጥ ቀበሩት። ከዚያ በኋላ ዘጠኝ ዓመት ኖሩ። ጣሊያን ወጣ፣ ነፃ ሆንን፣ ታፈሰ ግን በየሳምንቱ ቅዳሜ አንድ እንስራ ውሃ ደጃቸው ላይ ያስቀምጥ ነበር። አንድ ቀን እግዜር ይስጥህ አላሉትም። አንድ ቀን ግን እንስራውን መልስ አላሉትም።

እኔና ታፈሰ አርባ ሁለት ዓመት አብረን ኖርን። ፍቅራችን የጣፈጠ ነበር ብዬ አልዋሻችሁም፤ ተጣልተናል፣ ተሰዳድበናል፣ አንድ ጊዜ በምጣድ መጥረጊያ መትቼዋለሁ። ግን በዓል በመጣ ቁጥር፣ ገና ገበያ ሳይወጣ፣ በሩን ዘግተን ቁጭ እንላለን። "የደበቅከኝ አለ?" እለዋለሁ። "የደበቅሽኝስ?" ይለኛል። አንዳንዱ ዓመት የሚያስለቅስ ይወጣል፣ አንዳንዱ ዓመት የሚያስቅ። ከዚያ በኋላ በግ ካለ በግ፣ ከሌለ ሽሮ። ለፋሲካ አዲስ ልብስ ገዝቼ አላውቅም።

እናንተ የምታነቡኝ፣ በተለይ ገበያ ለመውጣት ጫማችሁን ያሰራችሁ፣ እኔ ልመክራችሁ አይደለም የተነሳሁት፤ መካሪ ሞልቷል፣ ቴሌቪዥኑም ግዙ ግዙ እያለ ይመክራችኋል። የምነግራችሁ አንድ ነገር ነው። ባሌ ከሞት መሀል ወጥቶ ደጄ ላይ ሲቆም ምን ይዘህ መጣህ አልኩት። ያን ምሽት ምን ሆነህ መጣህ ብዬው ቢሆን በነጋታው ወንዙን እንሻገር ነበር፤ ልጅቷም በአርባዋ ስሟ ይጠራ ነበር።

አሁን ማርታን አስጠርቻታለሁ። ልጁንም አስጠርቼዋለሁ፤ ደጅ ቆሟል፣ ከመስኮቴ ይታየኛል፣ የለወጠውን ቀሚስ በላስቲክ ይዟል። ምን ሸጦ እንደለወጠው እግዜር ይወቅ። እሷ ስትገባ እጇን እይዛትና ላስቲኩን እንዳትከፍት አደርጋለሁ። "ቀሚሱ ይቆይ" እላታለሁ። "መጀመሪያ ወሩን ሙሉ ጠዋት ጠዋት የት ሲሄድ እንደከረመ ጠይቂው።"